ስታቲስቲክስን ከእቁብ እንጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ምዕራፍ ነው። ቤታችሁ 9ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ የሂሳብ መጽሐፉን ተቀብላችሁ ወደ መጨረሻው ግለጡት። የመጨረሻው ምዕራፍ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ነው። የመጨረሻ ምዕራፍ ምን እንደሚገጥመው መምህር ሁሉ ያውቃል። ሰኔ ይደርሳል፣ ፈተናው ይቀርባል፣ ከሱ በፊት ያለው የቬክተር ምዕራፍ ራሱ በሩጫ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ወይ ይዘለላል ወይ ደግሞ ፎርሙላው ሰሌዳ ላይ ይጻፍና «ገልብጡ» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስታት የሚባል ኮርስ ይጠብቀዋል። እዚያም ፎርሙላ ነው። ጥሩ ውጤት አምጥቶ ያልፋል። ከዚያ «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲሰማ «ውሸት ነው፣ ጤፍ መቼ ረከሰ?» ይላል።

ይኼ በጣም ያሳስበኛል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚለው፤ የተማረው ቁጥርና የሚኖርበት ቁጥር ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው። ሳይንና ኮሳይን የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ የማያስፈልገውም አለ። «በመቶ» እና «በአማካይ» የሚሉትን ቃላት ግን ከሬዲዮ፣ ከሐኪም ቤት፣ ከገበያ፣ ከምርጫ ክርክር ሳይሰማ የሚውል ሰው የለም። ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። ይህን ትምህርት ተማሪው ከሚያውቀው ነገር እንጀምረው፣ ፎርሙላው በኋላ ይምጣ።

እኔ የምጀምረው ከእቁብ ነው። እቁብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እናቱ ትጥላለች፣ ወይ አክስቱ ዳኛ ናት፣ ወይ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር በትንሽ ብር ጀምሯል። 12 ሰው ያለበት እቁብ እንውሰድ። አንዳንድ እቁብ ስም ጽፎ ሕፃን ልጅ ያስወጣል፤ ለትምህርቱ የሚመቸኝ ግን አባላቱ ራሳቸው በተራ የሚያነሱበት ነው። 12 የተጠቀለለ ወረቀት አለ፣ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አለበት። ጥያቄው፦ ቀድሞ ማንሳት ይሻላል ወይስ መጨረሻ ላይ?

ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «መጀመሪያ ነው የሚሻለው፣ ሌላ ሰው ሳይወስድብኝ» ይላል። ሌላው «መጨረሻ ነው እንጂ፣ ሌሎቹ ባዶ ባዶውን ያነሱልኛል» ይላል። ይከራከሩ ብዬ እተዋቸዋለሁ። ከዚያ እንሠራዋለን። የመጀመሪያው ሰው ዕድል ከ12 አንድ ነው። ሁለተኛው እንዲደርሰው መጀመሪያ አንደኛው መሳት አለበት፤ ያ 11/12 ነው። ከሳተ በኋላ 11 ወረቀት ይቀራል፣ ስለዚህ 1/11። ሁለቱን ስታባዙ 11 ከ11 ይጣፋና 1/12 ይቀራል። ሦስተኛውን ሥሩ፣ 1/12። አሥራ ሁለተኛውን ሥሩ፣ ያው 1/12። ቁጥሮቹ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ እየተጣፉ ሲሄዱ ሲያዩ የተማሪዎቹ ፊት ይለወጣል። በቀደም ዕለት ፎርሙላ ሆኖ የፈሩት ነገር እኮ ይኼው ነው።

ግን የእቁብ ትምህርት እዚህ አያልቅም፣ የበለጠው ገና ነው። «አራት ወር ጥያለሁ፣ አልደረሰኝም፣ አሁንስ ዕድሌ ጨምሯል» የሚል ሰው ትክክል ነው? በእቁብ ትክክል ነው። የደረሳቸው አራት ሰዎች ከዕጣው ወጥተዋል፣ የቀሩት 8 ናቸው፣ ስለዚህ በአምስተኛው ወር ዕድሉ 1/12 መሆኑ ቀርቶ 1/8 ሆኗል። አሁን ያው ሰው «ለዓመታት ሎተሪ ቆርጫለሁ፣ አልወጣልኝም፣ ዘንድሮስ አይቀርም» ቢልስ? ስህተት ነው። የዘንድሮው ዕጣ የአምናውን አያውቅም። አምና የወጣለት ሰው ዘንድሮም ቲኬት ይቆርጣል፣ ማንም ከመንገድ አልወጣለትም። በስታት መጽሐፍ «በመመለስ» (የወጣው ወደ ዕጣው ተመልሶ ሲገባ) እና «ያለ መመለስ» (ወጥቶ ሲቀር) ተብሎ በደረቁ የሚቀመጠው ልዩነት ማለት ይህ ነው። ሦስት ሴት ልጅ ወልዳ «አራተኛውስ ወንድ ነው» የምትባለውን ጎረቤትም አስቡ። ማኅፀን እንደ እቁብ ዝርዝር አይደለም፤ ሦስቱ ሴቶች ምንም ያወጡት ወረቀት የለም፣ አራተኛውም እንደ መጀመሪያው ግማሽ በግማሽ አካባቢ ነው። ስንት ሴት በዚህ የተሳሳተ ስሌት ምክንያት ሳትፈልግ እንደወለደች፣ ስንት ባል እንዳኮረፈ ሳስብ ይህ ምዕራፍ ሰኔ ላይ መዘለሉ ያመኛል።

ከእቁብ ወደ ግሽበት መሻገር ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ቀድሞ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው ሰው የሚወስዱት ብር እኩል ቢሆንም የሚገዛላቸው ዕቃ እኩል እንዳልሆነ ተማሪው ራሱ ይነግራችኋል። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 130 ብር ሆነ እንበል። ግሽበቱ 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 143 ብር ከገባ ግሽበቱ 10 በመቶ ነው። ግሽበቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ። ዕቃው ግን 13 ብር ጨመረ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። «ግሽበት ቀነሰ» ማለት «ዋጋ ወረደ» ማለት ሳይሆን «የዋጋው ጭማሪ ረገብ አለ» ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ሕዝቡ በደንብ ቢይዝ በመንግሥትና በሸማች መካከል ያለው ንግግር ግማሹ ይጠራል። ያኔ ሰው የሚጠይቀው «ዋሻችሁ» ብሎ ሳይሆን «ገቢዬስ በዚያው ልክ አድጓል ወይ?» ብሎ ይሆናል፣ ይህም ከባዱና ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከየገበያው ዋጋ ይሰበስባል፣ ለእያንዳንዱ ነገር ቤተሰብ ከሚያወጣበት ገንዘብ አንጻር ክብደት ይሰጠዋል፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ያወጣል። የናንተ ቤት ግን ያ አማካይ ቤት አይደለም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ቁጭ በሉና የራሳችሁን ቤት ግሽበት አውጡ። ለምሳሌ ከወጪያችሁ 60 በመቶው ምግብ ቢሆንና ምግብ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ የቀረው 40 በመቶ ትራንስፖርትና ሌላ ሆኖ በ5 በመቶ ቢጨምር፣ የቤታችሁ ግሽበት 14 በመቶ ነው። 20 እና 5ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል (12 ተኩል ይሰጣል) አያዋጣም፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ነገር ብዙ ድምፅ አለው። ባለ ክብደት አማካይን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያስተምረው አላውቅም። ወላጅም ልጁ ምን እንደሚማር ያያል፤ ልጁም እናቱ በየወሩ ምን ዓይነት ሒሳብ በቃሏ እንደምትሠራ ያያል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወደ ጋዜጣው። ዓመት ጠብቆ የሚመጣ አንድ ትልቅ ዜና አለ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፣ 3.2 በመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፣ 5.4 በመቶ። ተማሪዎቼን «ውጤቱ በስንት ተሻሻለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ 5.4 ሲቀነስ 3.2፣ 2.2 አለ። ሌላዋ ተነሥታ የለም፣ 5.4ን ለ3.2 ስናካፍለው ወደ 1.7 ይጠጋል፣ ስለዚህ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተሻሽሏል አለች። ሦስተኛው ደግሞ ያለፉትን ሰዎች ቆጥሮ፣ ከ27,267 ወደ 36,409 ነው፣ ጭማሪው 34 በመቶ ገደማ ነው አለ።

ሦስቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የመቶኛ ነጥብ ልዩነት ነው። ሁለተኛው የማለፍ መጠኑ ከራሱ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሦስተኛው የሰው ቁጥር ነው፣ ያውም የተፈታኙ ቁጥር ከ170 ሺህ በላይ መቀነሱን ሳይረሳ። ማመስገን የፈለገ «70 በመቶ ገደማ አደገ» ብሎ ይጽፋል፣ መውቀስ የፈለገ «2.2 ብቻ» ይላል፣ አንዱም አልዋሸም። አንባቢ መከላከያ የሚኖረው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ሲለምድ ነው፦ ከስንቱ ስንት? ይህን ክርክር ያደረጉ ልጆች መቶኛን ከዚያ በኋላ ዝም ብለው አይቀበሉም። በነገራችን ላይ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ትምህርት ወደቀ» ማለትም «ትምህርት ተነሣ» ማለትም አይቻልም። መለኪያው ራሱ ተለውጧል።

ስለ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያም አንድ ቃል ልበል። «25 በመቶ ተማሪዎቻችን አለፉ» የሚል ባነር ስታዩ ስንት እንዳስፈተኑ ጠይቁ። አራት አስፈትኖ አንድ ያሳለፈ ትምህርት ቤት 25 በመቶ ነው፣ በዓመቱ ያቺ አንዷ ባትኖር ዜሮ ይሆናል። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የደረጃው ጫፍ ላይም ግርጌም የሚበዙት ከጉብዝና ወይም ከድክመት በፊት በማነሳቸው ነው።

አማካይን በተመለከተ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በከፊል ያውቀዋል። አንድ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰው ይሠራል እንበል፤ ሁለቱ 6 ሺህ 6 ሺህ፣ አንዱ 7 ሺህ፣ አንዱ 8 ሺህ ያገኛሉ፣ ባለቤቱ 73 ሺህ። አማካይ ገቢ 20 ሺህ ብር ነው። ሃያ ሺህ የሚባል ገቢ ያለው ሰው ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ የለም፣ አጠገቡ የሚደርስም የለም። በቅደም ተከተል አሰልፋችሁ መሀል ላይ ያለውን ብትወስዱ 7 ሺህ ነው፤ ሚዲያን የሚባለው እሱ ነው፣ የሱቁንም ኑሮ የሚናገረው እሱ ነው። የቤት ኪራይ፣ የደመወዝና የመሬት ዋጋ ዜና «በአማካይ» ተብሎ ሲመጣ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ሚዲያንን ተማሪ እንዲወደው የማደርገው ግን በበሬ ነው። ቅርጫ የገባ ሰው ያውቃል፤ በሬው ሳይታረድ «ስንት ኪሎ ይወጣዋል?» የሚል ክርክር አለ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ (ስለ ሰው ዘር የነበረው አስተሳሰብ አስቀያሚ ነበር፣ ይህንንም ለተማሪ ሳልነግር አላልፍም) እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሊማውዝ ከተማ በተደረገ የከብት ትርዒት ላይ የተሰበሰበ የግምት ወረቀት አገኘ። ሰዉ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ በሬው ታርዶ ሥጋው ስንት እንደሚመዝን ገምቶ ነበር። የሚነበበው ወረቀት 787 ነበር። ጋልተን ግምቶቹን ደርድሮ መሀሉን ወሰደ፦ 1,207 ፓውንድ። በሬው ሲመዘን 1,198 ፓውንድ፣ ወደ 543 ኪሎ ሆነ። ስህተቱ አንድ በመቶ እንኳን አልሞላም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሥጋ ቆራጭም ነበር፣ የሙያው ዕውቀት የሌለውም ነበር፤ አንዱ አብዝቶ ሲገምት ሌላው አሳንሶ ይገምታል፣ ስህተቶቹ ይጣፋሉ። ግን ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጽፎ ነው የሰጠው። በእኛ ቅርጫ መጀመሪያ የሚናገረው ሽማግሌ «250 ኪሎ አያጣም» ካሉ ቀጣዩ ሰው ከ240 እስከ 260 ባለው ውስጥ ነው የሚዋኘው። አሥር ሰው የተናገረ ይመስላል እንጂ የተናገረው አንድ ሰው ነው። እድርም ላይ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባም ላይ፣ ግምት ሲጠየቅ መጀመሪያ ሁሉም በወረቀት ይጻፍ።

አውቶቡስ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። «በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይመጣል» ይባላል፣ እኛ ግን ሁልጊዜ ብዙ እንጠብቃለን። አውቶቡሶቹ አንዴ በ2 ደቂቃ፣ አንዴ በ18 ደቂቃ ልዩነት እየተፈራረቁ ቢመጡ አማካዩ 10 ነው፤ ዝም ብሎ ፌርማታ የደረሰ ሰው ግን ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ የሚወድቀው ረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው፣ በአማካይም ከ8 ደቂቃ በላይ ይቆማል እንጂ 5 ደቂቃ አይደለም። ተጠቃሚው አላጋነነም፣ ድርጅቱም አልዋሸም፤ አንዱ አውቶቡስ ይቆጥራል፣ አንዱ ሰው ይቆጥራል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ምሳሌ ግን ዱላ ነው። ልጅ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣል፣ ይገረፋል ወይም ይሰደባል፣ በሚቀጥለው ፈተና ይሻሻላል። ሌላው በጣም ጥሩ ያመጣል፣ ይመሰገናል፣ ይሸለማል፣ በሚቀጥለው ዝቅ ይላል። ወላጅና መምህር ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «ዱላ ይሠራል፣ ምስጋና ልጅ ያበላሻል» የሚል ነው። በዓይናቸው አይተውታል፣ ማን ያሳምናቸዋል?

እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ አደርጋለሁ። 20 የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ አለ እላለሁ፣ ጥያቄውን ግን አልነግራቸውም። ሁሉም ሳንቲም እየወረወረ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ እኔ አስቀድሜ በጻፍኩት መልስ ይታረማል። ዕውቀት የሚባል ነገር የለበትም፣ ዕድል ብቻ ነው። 60 ተማሪ ካለ ጥቂቶቹ 6 እና 7 ያመጣሉ፣ ጥቂቶቹ 14 ያመጣሉ፣ ብዙው 10 አካባቢ ነው። ዝቅተኞቹን አስነሥቼ «ምነው እንዲህ?» ብዬ በቀልድ እቆጣለሁ፣ ከፍተኞቹን አስጨበጭብላቸዋለሁ። ከዚያ እንደገና ሳንቲም ይወረውራሉ። የተቆጣኋቸው በጅምላ «ይሻሻላሉ»፣ የተጨበጨበላቸው በጅምላ «ይወርዳሉ»። ሁሉም ወደ 10 ይመለሳል። ቁጣዬ ሳንቲም ላይ ምን ሠርቶ ነው?

እውነተኛ ፈተና ላይ ዕውቀት እንዳለ አውቃለሁ፣ ንጹሕ ዕድል አይደለም። ግን ዕድልም አለበት፤ ያጠናው ገጽ መጣ አልመጣ፣ አሞት ነበር አልነበረም፣ ቁርስ በልቶ ነበር አልበላም። በጣም የወረደ ውጤት ውስጥ ብዙ ጊዜ መጥፎ ዕድል አለበት፣ ያ መጥፎ ዕድል ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ላይደገም ይችላል። ልጁ ባይገረፍም በአብዛኛው ይሻሻል ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለመው ዳንኤል ካህነማን የእስራኤል አየር ኃይል አሠልጣኞች «ያመሰገንነው አብራሪ ይወርዳል፣ የጮህንበት ይሻላል» ብለው ሲከራከሩት ያየው ይህንኑ ነበር። በአገራችን በዚህ የስሌት ስህተት ምክንያት የተገረፈ ልጅ ብዛት ስንት ይሆን? ስታቲስቲክስ ደረቅ ትምህርት ነው የሚለኝን ሰው ይህን ነው የምጠይቀው።

ናሙናን ለማስተማር ከወጥ የተሻለ የለም። የድስቱን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨለጥ አያስፈልግም፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ ድስቱ የሠርግ ቢሆንም ያው ማንኪያ ነው። ግን መማሰል አለበት። ካልተማሰለ በጭልፋም ብትቀምሱ ያገኛችሁት የላይኛውን ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፣ ያውም በዚያ በችግር ዘመን፤ መልስ የላኩትም የተለየ ስሜት ያላቸው ነበሩ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ዛሬ «በቴሌግራም 30 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ» ተብሎ የሕዝብ አስተያየት ሲደረግ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ቻናሉን የሚከተለው ማን ነው? ስልክ ያለው፣ ኔትወርክ ያለው፣ ያን ሐሳብ የሚወድ። ያልተማሰለ ነው።

ዝርዝርም እንደዚያው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው መስፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች መረጃ ወደ ሲስተሙ ገብቶ በመገኘቱ ነው። ዕጣ ፍትሐዊ የሚሆነው ዝርዝሩ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። ስለ አገራችን የሕዝብ ብዛት የምንናገረውም ሁሉ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ የቆመ ግምት ነው፤ ያኔ 73.75 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፣ ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፣ በቆጠራው ዓመት የተወለደው ልጅ ዛሬ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ነው። «በነፍስ ወከፍ» የሚል ዜና ስትጽፉ ከታች ያለው አካፋይ ይህ መሆኑን አንባቢ ይወቅ።

ባልደረቦቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ኮምፒዩተር የለም፣ ፈተናው የሚጠይቀው ፎርሙላ ነው። የመጨረሻው እውነት ነው፣ ፈተና አውጪዎች ሊያስቡበት ይገባል፤ ከቁጥር ድርድር ስታንዳርድ ዴቪየሽን አውጡ ከማለት ይልቅ አንድ የዜና አንቀጽ ሰጥቶ «ምን ይጎድለዋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የቀሩት ሁለቱ ግን አይከለክሉም። እኔ የሚያስፈልገኝ ብጣሽ ወረቀትና ሳንቲም ነው፣ ተማሪ ሲበዛ ደግሞ ለዚህ ትምህርት ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፣ ሳንቲሙ ብዙ ጊዜ ይወረወራል። ምዕራፉም የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ሆኖ ሰኔን መጠበቅ የለበትም፤ መስከረም ላይ አምጡት፣ ዓመቱን ሙሉ ከሌላው ትምህርት ጋር ይሂድ።

ከእናንተ የምጠይቀው ይኼን ነው። መቶኛ ስታትሙ ከጎኑ «ከስንቱ» የሚለውን ጨምሩ። «አማካይ» ሲባል የትኛው አማካይ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሕዝብ አስተያየት ስታወጡ ስንት ሰው፣ የት፣ እንዴት ተመርጦ እንደተጠየቀ በአንድ መስመር አስገቡ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የተፈታኙን ቁጥር፣ ያለፈውን ቁጥርና የአምናውን ሁለቱን ጎን ለጎን በትንሽ ሰንጠረዥ አድርጉት፤ በማግሥቱ ቆርጬ ክፍል ይዤው እገባለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሂሳብ መምህር
ከደብረ ብርሃን